ከአልጋዋ አልወረደችም

ስምዖን ከሌሊት ሺፍቱ ወጥቶ የሠራተኞች መኪና ማቆሚያ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲደርስ፣ ሚስቱ እታፈራሁ የመኪናዋን ሞተር አጥፍታ፣ የኋላውን በር ከፍታ ቆማ ጠበቀችው። ሌላ ቀን ሞተሩን አታጠፋም። ልጅቷን ከእሷ መኪና ወደ እሱ መኪና ያሻግራሉ፤ እሷ ዩኒፎርሟን እያስተካከለች ወደ ሊፍቱ ትሮጣለች፤ እሱ ፓራዳይዝ በተባለው ሰፈር ወዳለው አፓርታማቸው ይነዳል። ሁለቱም የሚሠሩት እዚያው አንድ ሆቴል ነው። እሱ ሌሊት ካዚኖው ውስጥ ካርታ ያድላል፣ እሷ ቀን የእንግዶች ክፍል ታጸዳለች። በሳምንት ውስጥ አብዛኛውን ቀን ባልና ሚስት ፊት ለፊት የሚተያዩት እዚህ፣ በሁለት መኪኖች መካከል ነበር።

«አገጯን እየው» አለችው።

ስምዖን ጎንበስ ብሎ አየ። ሦስት ዓመት ሊሞላት ትንሽ የቀራት ረድኤት የመኪና ወንበሯ ላይ እንደታሰረች ቀና ብላ አየችው። አገጯ ሥር ሰማያዊ ሆኖ አብጧል።

«ምን ሆና ነው?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? ትናንት ጠዋት ሳስረክብህ ምንም አልነበራትም። ማታ ሳጥባት ነው ያየሁት።»

«መጫወቻዋ መትቷት ይሆናል።»

«ይሆናል?»

«እታፈራሁ፣ ሌሊቱን ሙሉ ቆሜ ነው ያደርኩት። አላውቅም ካልኩሽ አላውቅም።»

«ከክሪቡ ወድቃ ነው።»

ስምዖን ዓይኑን ጨፍኖ ግንባሩን አሸው። ክሪቡ፣ ዙሪያውን በእንጨት ፍርግርግ የታጠረው የልጅቷ አልጋ፣ ከተወለደች ጀምሮ መኝታ ቤታቸው ውስጥ ከእነሱ አልጋ አጠገብ የቆመ ነው። ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ ግን ባልና ሚስቱ ሌላ የሚያወሩት ነገር የጠፋ ይመስል ስለ እሱ ብቻ ይጨቃጨቃሉ።

«ሐኪሟ ምን ነበር ያለችን?» አለ። «ፍርግርጉ ከደረቷ በታች ሲሆን፣ ወይም አንድ ቀን ተንጠላጥላ ስትወጣ፣ ያን ጊዜ አውርዷት ነው ያለችው። ወጥታለች? አልወጣችም። አብሬያት የምውለው እኔ ነኝ። ክሪቡ ውስጥ አስገብቻት እተኛለሁ፣ ስነሳም ክሪቡ ውስጥ ናት። በቃ።»

«አንተ ተኝተህ በምን ታውቃለህ?»

«እሺ አልተኛ! ሌሊት ልሥራ፣ ቀን ልጅ ልጠብቅ፣ ማታ ክላስ ልግባ፣ ከዚያ ልሙት። እሱ ነው የሚሻለው?»

የሚማረው የኤሲ ጥገና ነው። በዚህ በረሃ ኤሲ የሚጠግን ሰው ሥራ አይፈታም ብለው ሁለቱም ተስማምተው ነበር የተመዘገበው። ትምህርቱ እስኪያልቅ ድረስ እንቅልፍ የሚያገኘው ጠዋት ብቻ ነው፤ ያንን እንቅልፍ የሚያስችለው ደግሞ ፍርግርጉ ነው። ይህን እታፈራሁ ታውቃለች። ታውቃለችና ነው ይበልጥ የምትናደደው።

ሰዓቷን አየች፤ አርፍዳለች። ልጅቷን ፈትታ አቀፈቻትና ወደ እሱ መኪና ስታሻግራት፣ እንደ ሁልጊዜው በጆሮዋ ነገረቻት።

«ባባ ደክሞታል። ሲተኛ ከአልጋሽ እንዳትወርጂ፣ እሺ የኔ ቆንጆ? ከወረድሽ ባባን ያመዋል።»

ረድኤት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ «ሽሽሽ» አለች።

«ጎበዝ» አለች እናትየው፣ በሩንም ከሚገባው በላይ በኃይል ዘጋችው።

ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስትመለስ፣ እታፈራሁ እትዬ የሻሽወርቅን ከመዋኛ ገንዳው አጠገብ፣ የፖስታ ሣጥኖቹ ጋ አገኘቻቸው። እትዬ የሻሽወርቅ ከእነሱ ቤት ሥር የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። በሰማንያዎቹ ዓመታት በሱዳን በኩል በስደት መጥተው፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በአንድ ትልቅ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ሲሠሩ ኖረዋል። ባላቸው ሞተዋል፣ ልጆቻቸው ካሊፎርኒያ ናቸው። እታፈራሁ ታከብራቸዋለች፤ ባገኘቻቸውም ቁጥር ሰላምታው እንዳይረዝም ትፈራለች።

«እንደምን ዋሉ እትዬ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ባልሽ ግን እንዴት ያለ ጎበዝ ነው?» አሉ አሮጊቷ የማስታወቂያ ወረቀቶቹን በብብታቸው አድርገው። «ጠዋት ጠዋት ልጁን ያስሮጣታል። ከላይ ስትሮጥ እሰማታለሁ። እንዲህ ያለ አባት የት ይገኛል?»

ይህን ከዚህ በፊትም ብለዋታል። በትንሣኤ ሰሞን ብለዋታል፣ ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱም ብለዋታል። እታፈራሁ ሁልጊዜ «አዎ፣ ይወዳታል» ብላ ታልፍ ነበር። ዛሬ ግን እግሯ ቆመ።

«ጠዋት?» አለች።

«ጠዋት ነዋ።»

«ስንት ሰዓት ላይ?»

«እንግዲህ እኔ ቁርሴን በልቼ ዜና ሳይ ነው። ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ በር፣ ደግሞ ወደ መኝታ ቤት። ትናንትማ አንድ ነገር ድብ ሲል ሰምቼ ምን ወደቀባቸው አልኩ።»

አሮጊቷ ይህን ሲሉ ፊቷን ትክ ብለው አዩአት። እታፈራሁ ግን ፊታቸውን አላየችም። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወጣች።

ስምዖንን የክላስ ቦርሳውን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ በሩ ላይ አገኘችው። ረድኤት ሳሎን ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብላ ማንኪያ በድስት ውስጥ ታማስላለች።

«ውሸታም!» አለችው።

«ደግሞ ምን መጣ?»

«እትዬ የሻሽወርቅ ሲሰሟት ነው የኖሩት! ጠዋት ጠዋት ትሮጣለች። አልወጣችም ትለኛለህ? ልጄ አገጯ ተሰንጥቆ አልወጣችም ትለኛለህ?»

«አልተሰነጠቀም። አንቺ ሰው ያወራሽን ሁሉ —»

«ድብ ሲል ሰምተዋል! ትናንት!»

«ከሆነም ከኛ በላይ ያሉት ናቸው። እዚህ ቤት ሁሉም ድምፅ ነው የሚያስተጋባው።»

«ከኛ በላይ ማንም የለም፣ ስምዖን። ከኛ በላይ ጣራ ነው።»

ስምዖን ቦርሳውን ወለሉ ላይ ጣለው።

«በእናቴ እምላለሁ» አለ። «ክሪቡ ውስጥ ትቻት፣ ክሪቡ ውስጥ ነው የማገኛት። አንድም ቀን ወጥታ አግኝቻት አላውቅም። ያገኘኋት ቀን ያን እንጨት በገዛ እጄ እሰብረዋለሁ። ግን የእንቅልፌን ሰዓት ለመንጠቅ ብለሽ ውሸታም አትበይኝ። የማንንም ውሸት አልሸከምም።»

«የእንቅልፍህን ሰዓት!»

«አዎ፣ እንቅልፌን! ሰው ነኝ እኮ!»

ረድኤት ማንኪያውን ቀስ አድርጋ ድስቱ ውስጥ አስቀመጠችው። ከዚያም ተነሥታ፣ በእግሯ ጣቶች እየረገጠች፣ ወደ መኝታ ቤት ገባች። ሁለቱም አላዩአትም።

እታፈራሁ ማክሰኞ ዕረፍቷ ነበር። ሌላ ጊዜ በዕረፍቷ ቀን ልጅቷን ይዛ ትወጣለች፣ ስምዖንም ጠግቦ ይተኛል። በዚህ ማክሰኞ ግን እንደ ሥራ ቀን እንዲያደርጉ ተስማሙ። ሐሳቡ የራሱ የስምዖን ነው። «ቤት ሁኚና እዪ» አላት። «ስታዪ ይቅርታ ትጠይቂኛለሽ።»

መኪና ማቆሚያው ድረስ ሄደች፣ ልጅቷን አሻገረች፣ ጆሮዋ ላይ ያንኑ ቃል ነገረቻት። ከዚያ ከኋላቸው ነድታ መጥታ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ በቀስታ ገባች። የውጭውን በር ቁልፍ አዙራ ሰንሰለቱንም አስገባች። ስምዖን ሰንሰለቱን ደክሞት ሲገባ እንደሚረሳው ታውቃለች። ከዚያ መኝታ ቤቱ ፊት ለፊት ያለው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ገብታ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

ስምዖን ጥቁሩን መጋረጃ ሲጎትት ሰማችው። «ተኚ ረዲ» አላት። ወዲያው ማንኮራፋት ጀመረ። እንዲህ ፈጥኖ ይተኛል ብላ አላሰበችም። የሰው እንቅልፍ አይመስልም፤ ውሃ ውስጥ እንደተጣለ ድንጋይ ነበር።

ልጅቷ ለረጅም ጊዜ አልተንቀሳቀሰችም። እታፈራሁ በበሩ ክፍተት የፍርግርጉን ጥግ ታያለች። ምንም የለም። ይሄኔ እሱ እውነቱን ቢሆንስ? ይሄኔ እኒያ አሮጊት ጆሯቸው እያታለላቸው ቢሆንስ? ይቅርታ ለመጠየቅ የምትናገረውን ቃል እንኳ ማሰብ ጀምራ ነበር፤ ቃሉም ያናድዳት ነበር።

ከዚያ ረድኤት ተነሣች።

ቁጭ ብላ አባቷን አየችው። ቆየች፤ ማንኮራፋቱን እያዳመጠች ነበር። ከዚያ ብርድ ልብሷን ጠቅልላ ጥግ ላይ ከመረችው፣ በላዩ ቆመች፣ አንድ እግሯን ፍርግርጉ ላይ ሰቀለች፣ በሆዷ ተንሸራታ ከአልጋው ጎን ባለው ትልቅ ሻንጣ ላይ አረፈች። ሻንጣው ድምፅ አላሰማም። ልጅቷም አላሰማችም። እንዲህ ያለውን ነገር ልጅ በአንድ ቀን አይማረውም።

እታፈራሁ ልትጮህ አፏን ከፈተች፣ ግን በእጇ ያዘችው። ማየት አለባት፤ ሁሉንም ማየት አለባት።

ረድኤት በራፉን አልፋ ሳሎን ገባች፤ እናቷም በመታጠቢያ ቤቱ በር ክፍተት አንገቷን አውጥታ ተከታተለቻት። ሮጠች፤ ከሶፋው እስከ ማቀዝቀዣው፣ ከማቀዝቀዣው እስከ ሶፋው፣ ባዶ እግሯ ጠብ ጠብ እያለ። የታችኛውን ቁም ሣጥን ከፍታ ዳቦ አወጣች። ግማሹን በላች፤ ግማሹን ይዛ ወደ መኝታ ቤት ተመልሳ አባቷ ትራስ ላይ፣ ከአፉ አጠገብ አስቀመጠችው። ጉንጩን በመዳፏ ነካችው። አልነቃም። ደግማ ነካችው፣ አልነቃም። ዳቦውን አንስታ ራሷ በላችው።

ከዚያ ጫማዋን አጠለቀች፣ የግራውን በቀኝ፣ የቀኙን በግራ፣ ወደ ውጭው በርም ሄደች።

በጣቷ ቆማ የበሩን ቁልፍ አዞረች። ሁለት እጇን እጀታው ላይ አድርጋ ጎተተች። በሩ ተከፈተ፣ ሰንሰለቱ እስከፈቀደ ድረስ። የጠዋቱ ሙቀት ገባ። በክፍተቱ የመዋኛ ገንዳው ሰማያዊ ውሃ ይታያል፤ የገንዳው አጥር በርም እንደ ሁልጊዜው በግማሽ ተከፍቶ ነበር። የአፓርታማው ሥራ አስኪያጅ በክረምት እናሠራዋለን ካለ ሁለተኛው በጋ ነው።

ልጅቷ ሰንሰለቱን በጣቷ መታ መታ አደረገችው፤ ዛሬ ይህ ነገር ለምን እዚህ ተገኘ እንደምትል።

የስምዖን የስልክ ማንቂያ መኝታ ቤት ውስጥ መጮህ የጀመረው ያኔ ነው። ልጅቷ በሩን ዘጋችው። ጫማዋን አውልቃ ቦታው ላይ ወረወረች። ሮጠች፣ ሻንጣው ላይ ወጣች፣ ፍርግርጉን ተሻገረች፤ ስትሻገር አገጯ እንጨቱን ሊመታ ለጥቂት ሳተው። ብርድ ልብሷን ተሸፍና ተኛች። ስምዖን እጁን ዘርግቶ ስልኩን ሲያጠፋ፣ ልጁ ዓይኗን ጨፍና ነበር።

«አየሽ?» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ በሩ ላይ የቆመችውን ሚስቱን ጥላ አይቶ። «አልወረደችም።»

እታፈራሁ የያዘችው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣ። ምን እንዳለች በኋላ አታስታውስም። መጋረጃውን ገነጠለችው። የጠዋቱ ብርሃን ክፍሉን ሞላው። ብርድ ልብሱን ገፍፋ የልጅቷን መዳፍ በአባትየው ፊት ዘረጋችው፤ የዳቦ ፍርፋሪ ነበረው። ትራሱ ላይም ፍርፋሪ ነበር። ሻንጣውን በእግሯ መታችው።

«በር ከፍታለች! ጫማ አድርጋ በር ከፍታለች፣ አንተ እያንኮራፋህ! ሰንሰለቱን እኔ ባላስገባው ኖሮ አሁን ገንዳው ውስጥ ነበረች! ዳቦ ስታጎርስህ አልነቃህም! በእጇ ስትመታህ!»

ስምዖን ቁጭ አለ። ትራሱን አየ። ልጅቷን አየ።

«ረዲ» አለ። «ከአልጋሽ ትወርጃለሽ?»

ረድኤት ጭንቅላቷን ወዘወዘች።

«አልወረድኩም» አለች። ከዚያ ወደ እናቷ ዞራ፣ የሚያስፈልገውን ሁሉ እንደፈጸመ ሰው፣ «ባባን አላመመውም» አለች።

እታፈራሁ ይህን ስትሰማ ልትናገረው የነበረው ቀጣዩ ስድብ አፏ ውስጥ ቀረ። ማንን መሳደብ እንዳለባት ለጥቂት ጊዜ አጣች።

ስምዖን አላጣም። ተነሥቶ የወጥ ቤቱን መሳቢያ በጠቅላላ ወለሉ ላይ ገለበጠ። ብሎኑን የሚፈታው ቁልፍ አልተገኘም። በቢላዋ ሞከረ፣ ቢላዋው ጎበጠ። ከዚያ ቃሉን አከበረ፤ አንደኛውን ፍርግርግ በሁለት እጁ ይዞ፣ እግሩን ተክሎ፣ ጎትቶ ሰበረው። ሁለተኛውን ሰበረ። ላቡ ይወርዳል፣ በጥርሱ መካከል የሚለው ነገር አይሰማም። እናቷ ከክሪቡ ያወጣቻት ልጅ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ታየው ነበር።

በሩ ተንኳኳ፤ ተንኳኳ ከማለት ተደበደበ ማለት ይሻላል። እታፈራሁ ሰንሰለቱን ስታወልቅ እትዬ የሻሽወርቅ በቤት ልብሳቸው ገቡ።

«ምንድን ነው ይሄ? ልትገዳደሉ ነው?» አሉ። ከዚያ የተሰበረውን እንጨት አዩ፣ ልጅቷን አዩ፣ ገባቸው። «እሰይ» አሉ። «በስንት ጊዜው።»

እታፈራሁ ማንን መቆጣት እንዳለባት አገኘች።

«እትዬ፣ ያውቁ ነበር?»

«ጣራዬ አይደል እንዴ?»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«አልነገርኩሽም? ስንት ጊዜ ልንገርሽ? ባልሽ ጠዋት ጠዋት ልጁን ያስሮጣታል አላልኩሽም? ሌሊት ቆሞ ያደረ ሰው በማለዳ ልጅ እንደማያስሮጥ ይጠፋሻል?»

«ምርቃት መስሎኝ ነዋ! ‹ልጅሽ ብቻዋን ነው የምትዞረው› ማለት ምን ያስቸግራል?»

«እንዴት ብዬ?» አሮጊቷ መዳፋቸውን ዘረጉ። «ባልሽ ልጁን አይጠብቅም ልበልሽ? እናንተ ነገ ትታረቃላችሁ፤ እኔ ትዳር የምትበጠብጥ አሮጊት ሆኜ ልቅር? ከዚህ ይበልጥ እንዴት ይነገራል?»

«ተብሎ ነው የሚነገረው! በአፍ!»

«አንቺስ?» አሉ እትዬ የሻሽወርቅ። አሁን እሳቸውም ተቆጥተዋል። «እኔ እዚህ ታች ብቻዬን ቁጭ ብዬ ከቴሌቪዥን ጋር ሳወራ እውላለሁ። አንድ ቀን አንኳኩተሽ ‹እትዬ፣ ባሌ እስኪነቃ ልጅቷን ይያዙልኝ› ብለሻል? ገና ስታዪኝ ለመሮጥ ትዘጋጃለሽ እንጂ!»

«እንዳላስቸግርዎት ብዬ ነው።»

«ማን አስቸገርሽኝ አለሽ? ሦስት ልጅ ያሳደግሁ ሰው ነኝ። አንቺ እንዳታስቸግሪ ስትጠነቀቂ፣ እኔ ነገረኛ እንዳልባል ስጠነቀቅ፣ ልጅቷ ገንዳ ትገባልን ነበር።»

ስምዖን ከእንጨቱ መካከል ተነሥቶ፣ «እትዬ፣ ለእርስዎ ሸክም —» ብሎ ጀመረ።

«አንተ ዝም በል። ዓይንህን በመስታወት እየው። ከነገ ጀምሮ ስትመጣ በሬን ታንኳኳለህ፣ ልጅቷን ትሰጠኛለህ፣ ወጥተህ ትተኛለህ። ስትነቃ ትወስዳታለህ። እምቢ ካልክ እኔው ነኝ ፖሊስ የምጠራው፤ አደርገዋለሁ።»

«ያደርጉታል» አለች እታፈራሁ። ልትስቅ አልነበረም፤ ልታለቅስም አልነበረም።

በዚያ ሌሊት ፍራሹን ወለሉ ላይ አነጠፈች። ረድኤት መሃሉ ላይ ተኛች። ጠዋት እናትየው ስትነሣ፣ ልጅቷ ነቅታ፣ ዓይኗን ጣራው ላይ ተክላ፣ እጇን ከጎኗ ዘርግታ ተኝታለች። አጥር የለም፤ ከፍራሹ ግን አልወረደችም።

«ነይ» አለቻት።

ልጅቷ የአባቷን ባዶ አልጋ አየች።

«ባባ የለም። ቢኖርም ነይ። ውረጂ አልኩሽ!» ድምፅዋ ከፍ ሲል ልጅቷ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዋ ሳበችው። እታፈራሁ ጥርሷን ነክሳ ጎንበስ ብላ አቀፈቻት። መኪና ማቆሚያው ላይ ስታሻግራት፣ ጆሮዋ ላይ ምን እንደምትላት ስላላወቀች ምንም አላለቻትም።

ስልኳ የጠራው ጋሪዋን ፎጣና አንሶላ ሞልታ ከሊፍቱ ስትወጣ ነው። ስምዖን ነበር። ከድምፁ በፊት ሌላ ድምፅ ሰማች፤ እንደዚያ ያለ ጩኸት ከልጇ ሰምታ አታውቅም።

«ደረጃው ላይ ተኝታለች» አለ ስምዖን እየጮኸ። «አልገባም ብላ። እትዬን በእግሯ መታቻቸው። የፊት ለፊቱ ሰውዬ ወጥቶ እያየን ነው።»

«ምን እያለች ነው?»

«አልፈልግም እያለች ነው። በአማርኛም በእንግሊዝኛም። ባባ መጥፎ ነው እያለች ነው። ጫማዋን ወረወረችብኝ።»

ከጀርባው እትዬ የሻሽወርቅ ይሰማሉ። «ተዋት! አንተ ሂድና ተኛ! ትጩህ፣ እኔ ጆሮዬም ከባድ ነው!»

«ዝም ላሰኛት?» አለ ስምዖን።

«እንዳትሞክር!» አለች እታፈራሁ። ድምፅዋ በኮሪደሩ ላይ አስተጋባ። ሱፐርቫይዘሯ ከወዲያ ጫፍ ዞራ አየቻት። «ስምዖን፣ እንዳትሞክር። ስልኩን ሳትዘጋ ለእትዬ ስጣቸውና ሂድ ተኛ።»

ማዳመጫውን አንድ ጆሮዋ ውስጥ አደረገች፣ ስልኩን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ልጅቷ አሁንም ትጮሃለች። ጋሪውን እየገፋች የመጀመሪያው ክፍል በር ላይ ደረሰች፣ በጉልበት አንኳኳች፣ «ሃውስኪፒንግ!» ብላ ተጣራች።